ስምንተኛው ገጽ

ጥቅምት 6 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ቆይቶ አሁን አባርቷል። ቤት ውስጥ ያለነው እናትህ፣ እኔ እና ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ነን። ልብስ ሰፊዋ መርፌ ልትዋስ መጥታ ከተቀመጠች አንድ ሰዓት ሆኗታል።

ለወንድሜ ለቁራጬ፣

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ ጤና ሆነህ፣ ጠግበህ፣ ጫማህም ደርቆ ያግኝህ። እኛ ደህና ነን። ብርዱ ሲገባ የእናትህ፣ የእኔም የአሳዳጊዬ፣ ጉልበት እንደ ልማዱ ያጉረመርማል፣ እሳቸው ደግሞ ከጉልበታቸው ብሰው ያጉረመርማሉ። «አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ቁራጬ ማለቱን ተዪ» ትለኛለህ። ከትምህርት ቤት መልስ በየቀኑ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ወረቀት መቁረጫ ሥር፣ ከቁራጭ ክምር ውስጥ ተኝተህ እያገኘሁህ ሌላ ስም ከየት ላምጣልህ?

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርህ። ባለፈው ሰኞ ግንበኞች መጥተው የማተሚያ ቤቱን የኋላ በር አሰፉት። ምን ሊገባ ነው ብለን ስንጠይቅ አለቃችን፣ ያው «ዝም በሉ» የምንለው፣ ዝም በሉ አለን። ሐሙስ ዕለት በእንጨት ሣጥን የታሸገ የጥረዛ መኪና ገባ። የሚያጥፍ፣ የሚሰፋ፣ ሙጫ የሚቀባ፣ ሁሉንም ለብቻው የሚሠራ። ለእሱ ተብሎ ወለሉ ታጠበ፣ መስኮቱ ተወለወለ፤ ስለዚህ ሴቶቹ «ሙሽራዋ» የሚል ስም አወጡለት። «ሙሽራዋ ገባች፣ እንግዲህ ሚዜዎቹ ወደየቤታችን» ያለችው ክር ቆራጯ ናት። ሁላችንም ሳቅን። ከሳቅን በኋላ ግን ሁላችንም ወደ መርፌያችን አጎነበስን።

በጥረዛ ክፍሉ አሥራ ሁለት ነን። ለሙሽራዋ ሦስት ሰው ይበቃታል ይባላል። ማን እንደሚቀር፣ መቼ እንደሚሆን ገና አልተነገረንም። እኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ መርፌ ላይ ክር ለማስገባትም መነጽሬን እስካገኝ መጠበቅ ጀምሬያለሁ። ስለዚህ እስኪነግሩኝ አልጠብቅም ብያለሁ።

ከደመወዜ ግማሹን ፖስታ ውስጥ አስቀምጬ በሌላው ግማሽ መኖር ጀመርኩ። ልምምድ በለው። የሱቁን ዱቤ ዘጋሁ፤ ባለሱቁ የተቀየምኩት መስሎት ሁለት ቀን ሙሉ ይቅርታ ሲጠይቀኝ ሰነበተ። የእናትህን የደም ግፊት መድኃኒት የሦስት ወር ገዝቼ ከስኒዎቹ ጀርባ ደርድሬዋለሁ። የቀረውን በዚሁ ፖስታ ውስጥ በታጠፈው ወረቀት ላይ ታገኘዋለህ። ደመወዜ ቢቆም በየወሩ ምን ምን እንደምንተው በቅደም ተከተል ጽፌበታለሁ። የሚቀለን ይቀድማል፣ የሚከብደን ይከተላል። ጨምረህ ላክልኝ ለማለት አይደለም። ለእናትህ በየወሩ የምትልከው ይበቃቸዋል። ከሰው ከምትሰማው ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው።

ክፍልህ እንዳለች ናት። እናትህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንሶላህን ይቀይራሉ። ከሄድክ ጀምሮ አሥራ ሰባት ዓመት ማንም ያልተኛበት አንሶላ ይታጠባል። አንድ ቀን «ሳሙናው አያሳዝንም ወይ?» ብላቸው «ልጄ ሳይነግረኝ ከተፍ ቢልስ?» አሉኝ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ «እሱ እስኪመጣ እኔ ላሙቅለት» ትላለች። እናትህ ገላመጧት።

ቶሎ ጻፍልን። የአንተን ደብዳቤ ሳልከፍተው ነው የማውቀው። ያ የልብስ ማጠቢያ ቤታችሁ ሮዝ ደረሰኝ በፖስታው ውስጥ ቀላ ብሎ ይታያል። ጀርባው ላይ ስለምትጽፍ አለቃህ ይቆጣህ ይሆን እያልኩ ሁልጊዜ አስባለሁ።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ።

እታለምህ

* * *

ኅዳር 21 ቀን

ለእታለም፣

ለአንቺም ለእማዬም ሰላምና ጤና ይብዛላችሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራም ደህና ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ወረቀቱንም ዘርግቼ አየሁት። የዘገየሁት የምለው ጠፍቶኝ ነው።

እታለም፣ ከሬዲዮ ባትሪ ይልቅ የእኔ ክፍል ይቀላል? በግራ በኩል ከሁሉ አስቀድመሽ የጻፍሽው የእኔን ክፍል ነው። የልብስ ሣጥኑ ወደ እማዬ፣ ልብሶቹ ወደ አንቺ፣ አልጋው ለተከራይ። ከእሱ ቀጥሎ ነው ባትሪው የመጣው። ከላይ የተዘቀዘቀውን ጽሑፍ እንደ ልማድሽ አሮጌ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ነው ብዬ አለፍኩት። ጀርባውንም አላገላበጥኩም። አጥፌ ወደ ፖስታው መለስኩት። የሚቀለን ይቀድማል ብለሻል። እሺ።

እዚህ በአንድ ክፍል ሰባት ወንዶች ነን። የእኔ አልጋ ላይኛው ነው፤ ቀና ስል ግንባሬ ጣሪያ ይነካል። ጋደም ስል ያቺን ክፍል እዞራታለሁ። በሩን ለመክፈት ትንሽ ከፍ ማድረግ እንዳለብኝ አልረሳሁም። የመስኮቱ መቆለፊያ አንቺ ያጎበጥሽው ማንኪያ ነው። መደርደሪያው ማተሚያ ቤቱ የጣለው የፊደል ሣጥን ነው፤ በየጉድጓዱ ቁልፍ፣ ጠጠር፣ የእርሳስ ጉማጅ አለ። የበሩ መቃን ላይ የቁመቴ ምልክቶች በእርሳስ ተሠምረዋል፣ የአንቺ አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አላደግሽም ብዬ ስቄብሽ በጥፊ ብለሽኛል። እንዲህ እያልኩ ስዞር እንቅልፍ ይወስደኛል። ሌላ ሀብት የለኝም፤ ይህን እወቂልኝ።

ስለዚህ በባንክ የላክሁት ገንዘብ የአንድ ዓመት የክፍል ኪራይ ነው። ተከራዩ እኔ ነኝ። ለሌላ ለማንም እንዳትሰጡብኝ።

እማዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ

* * *

ታኅሣሥ 16 ቀን

ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? አንጀትህ ቆስሎ የጻፍከውን አንብቤ የእኔም ቆሰለ። እናትህ ደህና ናቸው።

ወረቀቱን ዘረጋኸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንዳትዘረጋው ብዬ አልጻፍኩልህም። አንድ ሉህ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ አራት ቅጠል፣ ስምንት ገጽ ይሆናል። ተዘርግቶ ሲታይ ግን ስምንተኛው ገጽ ከአንደኛው በስተግራ ይውላል፤ አራተኛውና አምስተኛው ከላይ ተዘቅዝቀው ይቆማሉ። ሁሉም ቦታውን የሚያገኘው ሲታጠፍ ብቻ ነው። በግራ በኩል መጀመሪያ ያነበብከው የመጨረሻው ገጽ ነው። ቁጥር አልጻፍኩበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቁጥሩን እጥፋቱ ሲነግረኝ ኖሯል፣ ለሰውም ሁሉ የሚነግረው ይመስለኛል።

ትንሽም ከፍቶኛል፣ አልደብቅህም። ከዚያ መቁረጫ ሥር ተቀምጠህ ከቁራጭ ወረቀት እንደ ጣት የምታህል መጽሐፍ ያጠፍክ አንተ ነበርክ። የላይኛውን እጥፋት በቢላ ሰንጥቀህ «እታለም፣ ተከፈተ» እያልክ ታሳየኝ ነበር።

የቁርጥራጭ መጽሐፌስ ትዝ ይልሃል? እናትህ ማተሚያ ቤቱን ሲጠርጉ ለምድጃ ማቀጣጠያ ብለው የሚያመጧቸውን የተበላሹ ሉሆች ከእሳት እያስጣልኩ ማንበብ የተማርኩበትን፣ በኋላም ጥረዛ ስገባ በራሴ እጅ የጠረዝኩትን። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰዓት ጠጋኝ መርከብ ላይ ይሳፈራል፣ ሻንጣው ውስጥ አርባ የሰው ሰዓት ሁሉም በየራሱ ጊዜ ይቆጥራል፣ ማዕበሉ ይነሣል፣ ከዚያ ገጹን ስንገልጥ የከብት ኮቴ በሽታ። ከከብቱ ቀጥሎ የወንዞች ርዝመት። አንተ ግን አታርፍም ነበር። መጨረሻውን በየቀኑ ራስህ ትፈጥረዋለህ። ሰዓት ጠጋኙን ስንት ጊዜ አሰጠምከው፣ ስንት ጊዜ ወደብ አደረስከው። አንድ ቀን ሰዓቶቹን ሁሉ ለዓሣ ነባሪ ሸጦ ሀብታም ሆኖ ተመለሰ ብለህ እናትህን በሳቅ ገደልካቸው። እኔ እስከ ዛሬ እውነተኛውን መጨረሻ አላውቀውም፤ ብነግርህ ታፍርብኛለህ እንጂ ማወቁንም አልፈልግም።

አሁን ያንን ሉህ መልሰህ በእጥፋቱ እጠፈው። ከላይ በኩል በቢላ ሰንጥቀው። ከዚያ ከአንድ ጀምረህ አንብበው። ምን እንዳለበት እኔ አልነግርህም።

ሌላም ነገር አለ። ደብዳቤህ ሮዝ አይደለም። ባለመስመር ነው፣ ከደብተር የተገነጠለ፣ በጣቴ ሳሸው የሚንኮሻኮሽ ርካሽ ወረቀት። አሥራ ሰባት ዓመት በአንድ ዓይነት ወረቀት ጽፈህልኛል። ሮዙ አለቀ? ገንዘቡም ከብዶኛል። ደመወዝተኛ ሰው ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ከየት ያመጣል? እስክትመልስልኝ ድረስ ከባንክ አላወጣውም።

ደብዳቤህን ለእናትህ ሳነብላቸው የክፍሏን ነገር ዘለልኩት። 

«ጨረስሽ?» አሉኝ። 

«ጨረስኩ።» 

«ማንበብ ባልችልም መቁጠር አያቅተኝም። ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ተሞልቷል። አንቺ የነገርሽኝ የሁለት ጣት ያህል ነው።» 

«ጽሕፈቱ ሰፋፊ ነው፣ እማማ።» 

«ጽሕፈቱ ሳይሆን ሆድሽ ነው የሰፋው» ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ፈጣሪ ከአንተ ጋር ይሁን። ጻፍልኝ።

እታለምህ

* * *

የካቲት 27 ቀን

ለእታለም፣

ሰላም ነሽ? እማዬስ? ስለ መዘግየቴ አትቀየሚኝ።

ሮዙ ወረቀት አልቆ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ሉሁን ለማጠፍ ጊዜ አላገኘሁም፤ በሚቀጥለው እረፍቴ አደርገዋለሁ። ገንዘቡን ተጠቀሙበት፣ ብዬሻለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። መደርደሪያው ግርጌ ባለው መሳቢያ ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ምስክር ወረቀቴ አለ። ዋናውን ሳይሆን ቅጂውን አስነሥተሽ ላኪልኝ። ቢቻል ቶሎ።

ወንድምሽ

* * *

መጋቢት 14 ቀን

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ቅጂው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ፎቶው ላይ ጆሮህ ከፊትህ ቀድሞ መጥቷል። እናትህ ሳያዩት አልላክም ብዬ አሳየኋቸው፤ ወረቀቱን ሁለት እጃቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ሥራ ላይ ያለ ሰው የስምንተኛ ክፍል ምስክር ወረቀት ምን ያደርግለታል ብለው አልጠየቁኝም። እኔም አልጠይቅህም።

የእኛ ወሬ ይኸውልህ። ባለፈው ዓርብ «ዝም በሉ» አሥራ ሁለታችንንም ሰበሰበን። ሙሽራዋ ከበስተጀርባው ታጥፋለች፣ ትሰፋለች፤ ድምጿ እንደ ሰው ሳል ነው። የሦስት ሴቶችን ስም አነበበ። ክር ቆራጯ ተጠርታለች፤ ልጅ ናት፣ ዓይኗ ጥሩ ነው፣ ይገባታል። የቀረነው ዘጠኛችን እስከ ሰኔ መጨረሻ እንሠራለን፣ ከዚያ የሁለት ወር ደመወዝ ተሰጥቶን እንሰናበታለን። አንብቦ ጨረሰ። ወረቀቱን አጠፈው፣ መልሶ ዘረጋው። «ምነው፣ ተናገሩ እንጂ» አለ። አለቃችን ከሆነ በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ያኔ ደግሞ የሚናገር ጠፋ።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ የቀረኝን አንድ መቶ አርባ ሉህ አጠፍኩ። ከአጥንት የተሠራው የወረቀት ማጠፊያዬ በአውራ ጣቴ ልክ ጎድጉዷል። ስሰናበት ውሰጂው ይሉኝ ይሆን እያልኩ ነበር ያጠፍኩት።

ልምምዱን አጠንክሬዋለሁ። ሬዲዮው ከጥር ጀምሮ ባትሪ የለውም። እናትህ ግን በየጠዋቱ ይወለውሉታል፣ አዟዙረው እያዩትም «ዛሬም ዝም ብሏል» ይላሉ። እኔ አውቶቡሱን ትቼ በእግሬ እመላለሳለሁ። ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ስሄድ ደስ ይላል፤ ስመለስ ግን ዳገቱ አለ። አንተ ትንሽ ሳለህ በዚያ ዳገት ላይ አዝዬህ ስወጣ ከኋላዬ ሆነህ የሱቆቹን ሰሌዳ ጮክ ብለህ ታነብልኝ ነበር፣ ድካሙ እንዳይታወቀኝ። አሁን ሰሌዳዎቹን ራሴ አነባቸዋለሁ። ከያኔው የቀረው የቆዳ ፋቂው ብቻ ነው።

አንተ የላክኸው ገንዘብ ሳይነካ ተቀምጧል። የራሴ ፖስታ ደግሞ ወፍሯል፤ የአራት ወር ኑሮ ይሆናል። ስለ እኛ አትስጋ። እኔ የምሰጋው ስለ ሮዙ ወረቀት ነው።

እታለምህ

* * *

ሚያዝያ 8 ቀን

ለእታለም፣ ለእማዬም፣

ይህን ደብዳቤ ምንም ሳትዘይ ለእማዬ አንብቢላት። ፈጣሪ ጤና ያድርጋችሁ።

ቅጂው ደረሰኝ። ፖስታውን ስከፍት ጆሮዬን አይቼ ሳቅሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ዘጋሁ። ትናንት ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሉሁን አወጣሁት። ልብስ የምንተኩስበት ጠረጴዛ ላይ አድርጌ በእጥፋቱ አጠፍኩት፤ እጄ አልረሳም ነበር፣ የረሳሁት እኔ ነኝ። የላይኛውን እጥፋት በዳቦ ቢላ ሰነጠቅሁት።

አንደኛው ገጽ፦ የሬዲዮ ባትሪና የሻይ ስኳር። ሁለተኛው፦ አውቶቡስ ቀርቶ በእግር። ሦስተኛው፦ የክረምት ኮትሽ። አራተኛው፦ ከየትምህርት ቤቱ የተቀደደ መጽሐፍ ለምነሽ እቤት ውስጥ መጠረዝ። አምስተኛው፦ የስፌት መኪናሽ። ስድስተኛው፦ አልጋሽ ተሸጦ ከእማዬ ጋር መተኛት። ሰባተኛው ላይ እጄ ቆመ። «የቁርጥራጭ መጽሐፌን አለቃዬ በአንድ ወቅት ሽጪልኝ ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ከፈለገው» ይላል።

ከዚያ ወዲያ ነው የእኔ ክፍል።

እታለም፣ ማንም የማይተኛበት ክፍል እንዳይነካ አንቺ ያለ አልጋ ልትቀሪ ነበር። እኔ ደግሞ ከባትሪ አሳነስሽኝ ብዬ ኮረፍኩ። ሰዓት ጠጋኙ እኮ ገና ባሕር ላይ ነው። ሳይደርስ እንዴት ትሸጪዋለሽ?

አሁን የእኔን ስሚኝ። ሥራ ደህና ነው ብዬ ነበር። ሥራውስ ደህና ነው፣ እኔ ነኝ የሌለሁበት። ልብስ ማጠቢያ ቤቱ መስከረም መጨረሻ ላይ ተዘጋ። ሆቴሎቹ አንሶላቸውን ለሌላ ትልቅ ድርጅት ሰጡት። ሮዝ ደረሰኙም እዚያው ቀረ። የአንድ ዓመት ኪራይ ብዬ የላክሁላችሁ የስንብት ገንዘቤ ነው። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከተቀበልኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው። በእጄ ላይ ሌላ ነገር ስላልነበረኝ ነው ክፍሏን አጥብቄ የያዝኩት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የአትክልት ገበያ ሣጥን አራግፋለሁ። ለእማዬ በየወሩ የላክሁት ከዚያ ነው፤ እየቀነሰ መምጣቱን አይታችኋል፣ አልተናገራችሁኝም። ምስክር ወረቀቱን ለመጋዘን ሠራተኝነት ማመልከቻ አስገብቼዋለሁ። ጥሪውን እየጠበቅሁ ነው። ላይጠሩኝም ይችላሉ።

እንግዲህ ሁለታችንም ከዳር ነን። ስለዚህ ከስምንተኛው ገጽ ጀምሪ። ሰኔን አትጠብቂ። ደመወዝሽ ሳይቆም ተከራይ ካስገባሽ ሌሎቹ ሰባት ገጾች ላያስፈልጉም ይችላሉ። ክፍሏን በቃሌ አውቃታለሁ፤ ሌላ ሰው ቢተኛባትም እኔ መዞሬን አልተውም። የበሩን መቃን ግን ቀለም እንዳታስቀቡት። አንድ ቀን ከተፍ ብል ከመቁረጫ ሥር የተኛሁ ሰው ነኝ፣ ቦታ አላጣም።

እማዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ቁራጭ

* * *

ሚያዝያ 29 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ሰማዩ ጠርቷል፣ ትንሽ ነፋስ አለ። እናትህና እኔ ብቻ ነን።

ለወንድሜ ለቁራጬ፣

በመጨረሻ ስምህን ራስህ ስለጻፍከው አመሰግንሃለሁ። ጤናህን ፈጣሪ ይጠብቅልህ፤ የሣጥኑን ክብደት ያቅልልህ።

ደብዳቤህ ዓርብ ደረሰ። አንዲት መስመር ሳልዘል አነበብኩላቸው። እናትህ ሲሰሙ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበር፣ አላነሡትም። ስጨርስ «አሁን ልኩ ነው» አሉ። ርዝመቱን ማለታቸው ነው። ከዚያ «ሁለታችሁ እኔን ከክፉ ወሬ ስትጠብቁ ደከማችሁ» አሉ። 

«ያውቁ ነበር እንዴ?» 

«የሚልከው ሲያንስ ሰላምታው ሲበዛ ምን ልበል? ልጄ ከልጅነቱም እንዲህ ነው። ብርጭቆ የሰበረ ቀን ነው እጄን የሚስመኝ።»

ክፍሏን አነሣሁባቸው። ይቆጣሉ ብዬ ቀስ አድርጌ ነበር። 

«የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ክፍል ትፈልጋለች» አሉኝ። 

«ማን ነገረዎት?» 

«ራሷ። የየካቲት መድኃኒቴን ስወስድ ጠይቃኛለች።» 

«ምን አሏት?» 

«ልጄ እስኪፈቅድልሽ ታገሺ አልኳት።» 

እኔ ስምንት ገጽ አጥፌ፣ አንተ የስንብት ገንዘብህን ልከህ፣ እሳቸው ተከራዩን ይዘው ተቀምጠዋል። ልጅቷን ትናንት አነጋገርናት። የምትከፍለው ከደመወዜ ሲሶ ያህል ነው። ነገ ጠዋት ትገባለች።

ስለ አንተ ገንዘብ እንዲህ ወስነናል። ክፍሏን ከኅዳር መጀመሪያ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ስድስት ወር ተከራይተሃል። ተከራይ ሲለቅ ያልኖረበት ይመለስለታል፤ ስለዚህ የስድስት ወሩን ቅዳሜ በባንክ መልሼ ልኬልሃለሁ። ቀሪው የእናትህ መድኃኒት ነው። ከእኔ ጋር ክርክር እንዳትገጥም፣ ባለቤቷ እናትህ ናቸው። በየወሩ የምትልከውንም ሥራ እስክታገኝ አቁም ብለዋል። «አቁም በዪው፣ ሰላምታውን ግን እንዳይቀንስ» ነው ያሉት።

የቁርጥራጭ መጽሐፉ አይሸጥም። ደብዳቤህን እንደጨረስኩ ከሣጥን አውጥቼ አየሁት። ሰዓት ጠጋኙ እዚያው ማዕበሉ ላይ ነው። መጋዘኑ ቢጠራህም ባይጠራህም ዘንድሮ የት እንዳደረስከው ጻፍልኝ። ከከብቱ በሽታ በፊት የሚገባ አንድ ባዶ ቅጠል አስቀርቼለታለሁ።

ይህን ደብዳቤ ነገ እዘጋዋለሁ። ምን እንዳደረግሁ ማወቅ ትፈልጋለህና።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 30

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። እናትህ ቀድመውኝ ከክፍልህ በር ላይ ቆመው ነበር፣ ከፍ አድርጎ ለመክፈት ጉልበት ስላጡ። ከፈትኩላቸው። አንሶላውን ከአልጋው ገፈን ሁለት ሁለት ጫፉን ያዝን። ሁለት ጊዜ አጠፍነው፣ እሳቸው ይበቃል አሉ፣ እኔ አንድ ጊዜ ጨመርኩ። ልብሶችህን ወደ እኔ ሣጥን ወሰድኩ፤ አምስት ሸሚዝ፣ ሁለት ሱሪ፣ አንገቱ የተተለተለ ሹራብ። ባዶ ሣጥንህን ሁለታችን ጎትተን ወደ እናትህ ክፍል አስገባነው። ከፊደል ሣጥኑ ውስጥ ጠጠሮቹንና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ለቅሜ በጨርቅ ቋጠርኳቸው። የእርሳስ ጉማጁን ለእኔ አስቀረሁ፤ አሁን የምጽፍበት እሱ ነው። ወለሉን ጠረግሁ። ማንኪያውን ከመስኮቱ አላነሣሁትም።

አንድ ሰዓት ላይ ልጅቷ ሁለት ሻንጣና በጣሳ የተተከለ አበባ ይዛ መጣች። የበሩን መቃን አይታ «እነዚህን መስመሮች ላጥፋቸው?» አለች። እናትህ «ነክተሽ እንዳትገኚ» አሏት። ልጅቷ ደንግጣ እጇን ወደ ኋላዋ አደረገች። ቀጥለው ሻይ አቀረቡላት፣ በሙሉ ስኳር።

ለእኔ ከቀረው የሉሁ ቅጂ ላይ ሰባተኛውና ስምንተኛው ገጽ ያለበትን የመጨረሻ ቅጠል በአጥንት ማጠፊያዬ ሰንጥቄ አወጣሁት። አልጣልኩትም፤ በቁርጥራጭ መጽሐፉ መጨረሻ ሰፋሁት። የቀሩትን ስድስቱን ገጾች አጥፌ ከስኒዎቹ ጀርባ፣ ከመድኃኒቱ አጠገብ አስቀመጥኳቸው።

ስወጣ ከሱቁ ሁለት ባትሪ ገዝቼ ተመለስኩና ለእናትህ ሰጠሁ። ሬዲዮው የአየሩን ሁኔታ ሲናገር እስከ በሩ ድረስ ተሰማኝ። ከዚያ አደባባዩ ጋ ሄጄ ተሰለፍኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ሲል አውቶቡሱ መጣ። ሂሳብ ከፈልኩ፣ በመስኮቱ በኩል ቦታ አገኘሁ፣ እስከ ማተሚያ ቤቱ ድረስ ተቀምጬ ሄድኩ።